አረፋ ያልነው አጥንት

ብዙ መናገር አልወድም። ባለቤቴ ግርማ አንጥረኛ ነውና፣ «አንቺ ቃል ስታወጪ በእኔ ሚዛን ነው የምትመዝኚው» እያለ ይቀልድብኛል። ዝምታዬን እንደ ጨዋነት እቆጥረው ነበር። እንዲያውም፣ አምላክ ይቅር ይበለኝና፣ እንደ ጽድቅም። የሚከተለውን ያነበበ ሰው ያ ዝምታ ምን ሊያስከፍለን እንደ ነበር ያያል።

የምንኖረው አሶሳ ነው። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እኔን እዚሁ ወለዱኝ። ግርማ ሥራውን የተማረው ከሱዳን ከመጡ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ነው። ሽማግሌው ቀለበት የሚያወጡት በአንድ ነጭ ነገር ነበር። መዳፍ ያክላል፣ ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ደረቀ ቂጣ ይቀልላል፣ በጥፍር ይቧጠጣል። ሁለቱን ፊት ለፊት አፋትገው ያስተካክሉና የቀለበቱን ምሳሌ መሃላቸው አስገብተው ይጫኑታል። ምሳሌው ሲወጣ ቅርጹ ይቀራል። ከዚያ በሽቦ አስረው የቀለጠውን ወርቅ ያፈስሱበታል። የተረፈው ይደቅቅና ዱቄቱ የወርቁን ሻካራ ማለስለሻ ይሆናል።

«ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቃቸው፣ «የባሕር አረፋ ነው» አሉን። «ባሕር ሲናወጥ የሚተፋው አረፋ ዳር ላይ ደርቆ እንዲህ ይሆናል።»

አመንናቸው። ባሕር አይተን አናውቅም። እኔ ካየሁት ውሃ ሁሉ ትልቁ ዓባይ ነው፤ እሱንም ድልድዩ ላይ በመኪና ሳልፍ።

ሽማግሌው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕቃቸውን ለግርማ ተዉለት። ከዕቃው ጋር አንድ ልማድም አብሮ ቀረ። ዓይናቸውን የሚያማቸው ሴቶች ወደ ቤታችን ይመጣሉ፤ «ከዚያ ከባሕር አረፋ ትንሽ» ይላሉ። ዱቄቱን በነጠላ እነፋና በወረቀት ጠቅልዬ እሰጣለሁ። ዋጋ ተቀብዬ አላውቅም። ቅዱስ ሩፋኤል በዓሣ ሐሞት የዕውሩን ሽማግሌ ዓይን እንዳበራ በስብከት ሰምቼ ስለ ነበር፣ ከውሃ የወጣ ነገር ለዓይን መድኃኒት ቢሆን አልደነቀኝም። ደግሞስ አረፋ ማንን ይጎዳል?

አንድ ነገር ብቻ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ወርቁ ሲፈስበት የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል። ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ግርማን፣ «አረፋ እንዴት ቀንድ ቀንድ ይሸታል?» ብዬው ነበር።

«እኔ ምን አውቄ፤ ሽማግሌውን ጠይቂያቸው» ብሎ ሳቀ።

አልጠየቅኋቸውም።

ነገሩ የሆነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ግርማ ወርቅ ሊገዛ ወርቅ ወደሚቆፈርበት መንደር ሄዶ ነበር። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሃና በነሐሴ የመጨረሻ ቀን ቀኝ ዓይኗ ቀላ። ሰፈሩ ውስጥ ዓይኑ ያልቀላ ልጅ አልነበረም፤ በሳምንቱ ይለቃቸዋል። እኔ ግን መድኃኒት በቤቴ እያለ ለምን ልጄ ትሰቃይ አልሁ። ዱቄቱን በላባ ጫፍ አነሳሁና የዓይኗን ቆብ ገልጬ ነሰነስሁበት።

ጮኸች።

«አይዞሽ፣ እየሠራ ነው» አልኋት። «መድኃኒት ሲሠራ ያቃጥላል።»

በማግስቱ፣ በጳጉሜን መባቻ፣ ዓይኗ አብጦ ተከድኖ ነበር። አዝዬ ሆስፒታል ወሰድኋት። የዓይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ እጇ ቀላል። ሃናን አባብላ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ነካት፣ እናት?»

ተሰልፈው ከሚጠብቁት መሃል ከእኔ ዱቄት የወሰደች አንዲት የሰፈር ሴት ነበረች። በሩ ክፍት ነው። ትሰማለች።

«ሣር ሳይወጋት አልቀረም» አልሁ።

«ቤት ውስጥ የጨመራችሁበት ነገር አለ? ቅጠል፣ ወተት፣ ዱቄት?»

«የለም።»

አንድ ቃል ነበረች። ከዚያ በፊት ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ እንደዚያች ቃል የከበደችኝ ግን የለችም።

ሐኪሟ የዓይኗን ቆብ ልትገለብጥ ሞከረች። ልጄ ተንፈራገጠች፤ እብጠቱም እምቢ አለ። «ጥቁሩ ላይ ጭረት ይታየኛል» አለች። «ሣር ከሆነ የወጋት ሻጋታ ይዞ ሊገባ ይችላል። ተኝታ ትታከም።» አንዱ ዓይን ሲንቀሳቀስ ሌላው ስለሚከተል ሁለቱም ታሸጉ። ልጄ በአንድ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ገባች።

ከጎናችን የተኙት አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሐጃ ሱአድ ይባላሉ። የዓይን ሞራ ተነሥቶላቸው አንድ ዓይናቸው ታሽጓል። የበርታ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት እዚሁ አካባቢ ነው። በወጣትነታቸው ለፖርት ሱዳን ዓሣ አጥማጅ ተድረው ዕድሜያቸውን እዚያ ጨርሰው፣ ባላቸው ሞቶ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ወንድማቸው ቤት ተመልሰዋል። አማርኛው ከእጃቸው ያመልጣል፤ እሳቸው ግን አይጨነቁለትም።

«አንተ ስምህ ማነው?» አሏት ሃናን።

«እኔ እኮ ሴት ነኝ!»

«ወላሂ፣ ዓይን የለኝም፣ በምን አውቃለሁ?»

«ዓይን የሌለኝ እኔ ነኝ። እርስዎ አንድ አለዎት።»

«እሺ፣ አንድ ለሁለት እንሆናለን» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ጓደኞች ሆኑ። «አንተ» ማለታቸውን ግን አልተዉም።

በሁለተኛው ቀን ሐኪሟ ገልጣ አየችና ፊቷ ጠቆረ። ጭረቱ በዝቷል፤ ጥቁሩ ላይ ደመና የመሰለ ነገር መጥቷል። «መድኃኒቱ መያዝ ነበረበት» አለች። «እስከ ነገ ካልተሻላት ሩቅ እልካታለሁ። እናት፣ አልደብቅሽም፤ ዓይኗን ልናጣው እንችላለን።»

አሁንም ዝም አልሁ። ሁለት ቀን የቆየ ውሸት ከአንድ ቀኑ ይከብዳል። ቆርቆሮ ጣሪያውን እያየሁ ውዳሴ ማርያም ደገምሁ። አፌ ይደግማል፤ ልቤ ግን «የለም» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር የሚሰማው።

ሦስተኛው ቀን የሩፋኤል ነበር። እንደምታውቁት በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው፤ ልጆች እየዘለሉ ይጠመቁበታል። ረፋዱ ላይ ሰማዩ ተቀደደና በቆርቆሮው ላይ ወረደ። ግቢው ውስጥ የአስታማሚ ልጆች «ሩፋኤል! ሩፋኤል!» እያሉ ሲጮኹ ይሰማል። ሃና ተነሥታ ተቀመጠች።

«እማ፣ እኔስ?»

ምን ልበላት? ሐጃ ከአልጋቸው ሆነው አዳኑኝ።

«አንተ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ምን ይመስላል?»

«ማየት ተወው፤ ስማ። ይሄ ጣሪያው ላይ ያለ ድምፅ፣ የማይቆም ነው በል። አንተ ከታች ነህ። ውሃው ከላይ ነው።»

ልጄ ጋደም አለች። እኔም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔን ጨፈንሁ። ክፍሉ ውሃ ሆነ። አልጋዎቹ ተነሥተው የሚንሳፈፉ መሰለኝ። በመስኮቱ የሚገባው አረንጓዴ ብርሃን በዓይኔ ቆብ አልፎ ይታየኝ ነበር። የሐጃ ድምፅ ከዝናቡ ጋር እየተቀላቀለ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«ዓሣ ብዙ ነው። ሺህ ይሆናል። አንዱ ሲዞር ሁሉ ይዞራል፤ አንዱ ሌላውን አይመታም። ውሃው ጭቃ ቢሆን፣ ጨለማ ቢሆን አይመታም።»

«ሳያዩ?»

«ጎኑ ላይ መስመር አለ። ከራስ እስከ ጅራት። በዚያ መስመር ውሃውን ይሰማል። ጓደኛው ትንሽ ቢንቀሳቀስ ውሃው ይነግረዋል።»

ሃና ልብሷን ገልጣ ጎኗን በጣቷ ዳሰሰች፤ ከብብቷ እስከ ወገቧ። «እኔም ያለኝ ይመስለኛል» አለች። «እማ ስትመጣ ሳትናገር አውቃታለሁ።»

ምን ታውቂያለሽ ልጄ፣ አልሁ በሆዴ። አጠገብሽ የተቀመጠችው ምን እንደ ደበቀች ውሃው አልነገረሽም።

ከዚያ ከቀሚሷ ኪስ አንድ ነገር አውጥታ በመዳፏ ታሻሸው ጀመር። ከግርማ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ነበር። እንደ ጠመኔ በሩ ላይ ሥዕል ትሥልበታለች፤ ኪሷ ውስጥ እንዳለ ልብ አላልሁም።

ሐጃ በአንድ ዓይናቸው አዩት።

«ያ ሰላም! ይሄ እዚህ ምን ያደርጋል? አገሩ ሩቅ ነው!»

«የባሕር አረፋ ነው» አለች ሃና። «አባዬ ቀለበት ይሠራበታል።»

«አረፋ?» ሐጃ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አረፋ ማን አለህ? ነጋዴ ነው ያለህ! ይሄ አጥንት ነው። ሐባር የሚባል እንስሳ፣ ሆዱ ውስጥ ቀለም ያለው። ባሌ በየቀኑ ያወጣ ነበር።»

ዞሬ ቁራጩን አየሁት።

«ምን ይመስላል?» አለች ልጄ።

«አፉ ዙሪያ ስምንት እጅ አለ። ሁለት ረጅም ደግሞ ደብቋል፤ ዓሣ ሲያይ ይወረውራል፣ ይመልሳል፣ አላየህም! ልቡ ሦስት ነው። ደሙ ቀይ አይደለም፣ ሰማያዊ ነው። ጠላት ሲመጣ ቀለም ይተፋል፤ ውሃው ይጠቁራል፤ እሱ ሄዷል።»

«አጥንቱስ?»

«ጀርባው ውስጥ ነው። እየው፣ ዳስሰው። ቤት ነው፤ ፎቅ በፎቅ፣ ብዙ ክፍል። ክፍሉ ውስጥ ውሃ ሲያስገባ ይወርዳል። ውሃውን ሲያስወጣ፣ አየር ሲሞላው ይነሣል። እንቁላሉ ጥቁር ነው፣ እንደ ወይን፤ ሣር ላይ ያንጠለጥላል። ከዚያ ይሞታል፤ ዕድሜው አጭር ነው። ሥጋውን ዓሣ ይበላል። አጥንቱ ግን ቀላል ነውና ወደ ላይ ይወጣል፣ ነፋስ ዳር ያመጣዋል። ጠዋት ባሕሩ ዳር ነጭ በነጭ ነው። አረፋ ያለው ሰው ከሩቅ ያየ ነው።»

«ለስላሳ ነው» አለች ሃና፣ እያሻሸችው።

«ለጣት ነው ለስላሳ። የእያንዳንዱ ክፍል ግድግዳ ኖራ ነው፣ ቀጭን፣ ስለት። እኛ ድስት እንፈትግበት ነበር። ዝገት ያወጣል።»

ድስት እንፈትግበት ነበር።

ግርማ ወርቅ ይፈትግበታል። ወርቅን የሚልግ ነገር የልጄን ዓይን ምን ያድርገው? ይህን ለማወቅ ባሕር ማየት አያስፈልግም ነበር። በየቀኑ በቤቴ አየው ነበር። የቀንድ ሽታውም ነግሮኝ ነበር።

ተነሥቼ በረንዳ ወጣሁ። ልጆቹ በዝናቡ ይዘላሉ። «ሩፋኤል ሆይ፣ ዓይኗን አብራልኝ» ልል አፌን ከፈትሁና ተውሁት። እሱን የምለምነውን ያህል ለሐኪሟ አንድ ቃል ብነግራት ይቀል ነበርና። በእኔ እጅ ያለውን ከመልአክ ስለምን ሦስት ቀን ሆነኝ።

ሐኪሟ ክፍል ስገባ የሪፈር ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም።

«ዋሽቼሻለሁ» አልኋት።

ቀና አለች።

«ሣር አልወጋትም። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ዱቄት ነሰነስሁበት። የባሕር እንስሳ አጥንት ነው። አረፋ መስሎኝ ነው።»

እንደምትቆጣኝ ጠበቅሁ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ «ስንት ቀኑ?» ብቻ አለች።

«ዛሬ አራተኛው።»

«እንግዲያው ከቆቡ ሥር ሊኖር ይችላል። በጨፈነች በገለጠች ቁጥር ይፍቃታል። ነይ።»

ማደንዘዣ ጠብታ ተደረገላት። በጋቢ ጠቀለልናት። ሐኪሟ ቆቡን ስትነካው ግን ልጄ እንደ መጀመሪያው ቀን ተንፈራገጠች። «ካልተረጋጋች አልችልም» አለች ሐኪሟ። «በዚህ እጅ ብስት…» አልጨረሰችውም።

ያኔ ሐጃ ግድግዳውን ይዘው መጡ። ነርሷ «እማማ፣ ተነሥተው መሄድ የለብዎትም!» ብትል አልሰሙም። የልጄን እጅ ያዙ።

«አንድ ነገር ሳልነግርህ ረሳሁ። ይሄ እንስሳ ቆዳ ይቀይራል። አሸዋ ላይ ሲሆን አሸዋ ነው። ቅጠል ውስጥ ቅጠል ነው። ትልቅ ዓሣ ሊበላው ሲመጣ ምን ይሆናል?»

«ምን?» አለች ሃና እያለቀሰች።

«ድንጋይ። ድንጋይ ይመስላል፣ ድንጋይ ይሆናል። ዓሣው በላዩ ያልፋል። ቢንቀሳቀስ ተበላ። አንተ አሁን ምንድን ነህ?»

«ድንጋይ።»

«የምን ቀለም ድንጋይ?»

«ግራጫ… ነጭ ነጠብጣብ ያለው።»

«ማሻአላህ። ዓሣው መጣ። አትንፈስ።»

ልጄ ድንጋይ ሆነች። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል። ሐኪሟ ቆቡን ገለበጠችው። የውስጡ ቀይ ሥጋ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮ ነበር፤ እንደ ቅርፊት፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ። በጥጥ ዘንግ አነሣች፣ በውሃ አጠበች፣ እንደገና አነሣች፣ እንደገና አጠበች። ልጄ ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ያን ያህል ጊዜ እንዴት እንደቻለች ዛሬም አይገባኝም።

«አለፈ?» አለች በመጨረሻ፣ በከንፈሯ ብቻ።

«አለፈ» አሉ ሐጃ። እሳቸውም ያለቅሱ ነበር፤ በአንድ ዓይናቸው።

ሐኪሟ የሪፈር ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። «እንቅደደው አልልም» አለችኝ። «እስከ ዓውደ ዓመት እንየው።»

በማግስቱ ግርማ ደረሰ። ሁሉንም ነገርሁት። «ሽታው» አለ። «አዎ፣ ሽታው» አልሁት።

በመስከረም አንድ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። ሐኪሟ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ጋርዳ፣ «በዚህኛው ምን ይታይሻል?» አለቻት። ሃና ብዙ አመነታች። ከዚያ ወደ ጎረቤት አልጋ ጣቷን ቀሰረች።

«ሐጃ ብርቱካን ናቸው!»

የለበሱት ቶብ፣ ያ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበት ረጅም ልብስ፣ ብርቱካንማ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ በልቧ ሰማያዊ አድርጋ ስትሥላቸው ኖራለች።

«አየህ?» አሉ ሐጃ። «አንተ ስትመጣ ቀለሜን ቀየርሁ።»

እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሽ ጠባሳ ቀርታባታለች፤ ወደ ጠርዝ ስለሆነች አትከልላትም። ሐኪሟን አምላክ እጇን ይባርክ። ሐጃ ሱአድ ዛሬ ቤተ ዘመድ ናቸው፤ ለበዓላቸው እሄዳለሁ፣ ለበዓሌ ይመጣሉ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ሁሉ ቀላሉ ነገር ነበር። የከበደው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ዱቄቱን የሰጠኋቸውን ሴቶች ቤታቸው ድረስ እየሄድሁ፣ «አታድርጉት፣ እኔ ሳላውቅ ነው የሰጠኋችሁ» አልኋቸው። አንዳንዷ ሳቀች፤ አንዷ በሩን ዘጋችብኝ። መጨረሻ ያደረግሁት ወደ እማማ ጥሩ መሄድን ነበር። እማማ ጥሩ በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ የሚቀመጡ፣ ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት ናቸው። በየእሑዱ የምነፋላቸው ዱቄት አለ። በየእሑዱ ይመርቁኛል። ያን ምርቃት እወደው ነበር።

አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኋቸው። ጥርሳቸውን ገልጠው ሳቁ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ የነጣ ጥርስ አይቼ አላውቅም።

«አውቃለሁ ልጄ። መጀመሪያ ቀን አድርጌው እሳት ሆነብኝ። ከዚያ ወዲያ ጥርሴን ነው የማሽበት።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝ?»

«እንዴት ልንገርሽ? አምጥተሽ ስትሰጪኝ ድምፅሽ ደስ ይለው ነበር። ላስቀይምሽ አልፈለግሁም።»

እኔ ስለ ራሴ ስም ዝም አልሁ። እሳቸው ለእኔ አዝነው ዝም አሉ። ከሁለቱ ዝምታ መሃል ልጄ ወደቀች። እማማ ጥሩ ያን ጊዜ አንዲት ቃል ተናግረው ቢሆን እኔ ላባውን አላነሣም ነበር። አልፈርድባቸውም፤ የእሳቸው ዝምታ ከእኔው ነው የተቀዳ።

ሃና ባለፈው ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «እማ፣ መምህራችን ምን አለ መሰለሽ? ያ ሁሉ ቀለም የሚቀያይረው እንስሳ ራሱ ቀለም አያይም አለ» አለችኝ። ብዙ አሰብሁበት። እኔም ለሰው የምሰጠውን አላየውም ነበር፤ ስሰጥ የምመስለውን ብቻ ነበር የማውቀው።

ዘንድሮ ጳጉሜን ሦስት ዝናቡ ሲመጣ ሃና ወጥታ ዘለለች። የማጠቢያ ሳፋ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ያችን ነጭ ቁራጭ ጣለችበት። ዝናቡ ይመታታል፣ ትሰምጣለች፣ ትነሣለች። እማማ ጥሩ እኔ ዘንድ ተቀምጠው ነበር። ግራ ዓይናቸው ታሽጓል፤ ለሐኪሟ ወስጄ ባሳያቸው ያጠፋው ሞራ ሆኖ ተገኘ፤ የተነሣላቸውም በዋዜማው ነው። ፋሻው በማግስቱ ይፈታል።

«ሃና በምንድን ነው የምትጫወተው?» አሉኝ።

ስለ ነጯ ቁራጭ፣ ስለ እንስሳው፣ ስለ ባሕሩ ሁሉንም ነገርኋቸው። ብዙ ቃል ወሰደብኝ።